ለባዶ ክፍል «ጎበዝ!»

ሬዲዮው «ጎበዝ ልጆች!» ብሎ ሲያመሰግን ክፍሉ ውስጥ አንድም ልጅ አልነበረም። ዳንግላ ነው፤ ሥራ የጀመርኩበት ዓመት። በረዶ ጥሎ ገና ማባራቱ ስለነበር ልጆቹ ግር ብለው ወጥተው ከሣሩ ላይ በረዶ እየለቀሙ ይቆረጥማሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ግቡ እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ጠረጴዛው ላይ ያለው የትምህርት ሬዲዮ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ጠየቀ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ባዶውን ወንበር ጎበዝ ብሎ አሞገሰው።

ጋሽ ፈንታ ግድግዳውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የትምህርት ቤቱ አንጋፋ አስተማሪ ናቸው፤ እኔን እንዲያለማምዱ የተመደቡትም እሳቸው ነበሩ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ፦

«አየሽ ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ላለውም ለሌለውም ነው የሚያመሰግነው። ልጆቹ ይኼን ያወቁ ዕለት ጉዳችን ፈላ» አሉኝ።

ይቺ ንግግር ዕድሜ ልኬን ተከተለችኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ከሚያስተምር ዕቃ ጎን ቆሜ ነው የጨረስኩት፦ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ፕላዝማ፣ መጨረሻ ላይ ስልክ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። የሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከዚያ ከትምህርት ቢሮ የመጣ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ አስተማሪው ፊቱ የሌለ ተማሪ እንዲማር የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጉርሻ አፌ ውስጥ ነበር። እስክውጠው ሌላ ሰው ጠራውና ሄደ። እኔም ጥያቄ ጀምሮ የሚተውብኝን ሰው አልወድም፤ ቤቴ ገብቼ ስብሰለሰልበት ሰነበትኩ። ይኸው የምጽፈው ለእሱ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ደመወዜ አልጽፍም፤ አስተማሪ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ ደግሞ አያምነኝም።

ከጋሽ ፈንታ ልጀምር። እሳቸው የሬዲዮ ትምህርት ሲኖር ፊት ለፊት አይቆሙም። ኋላ ካለው የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ እስኪደርስ ተጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሬዲዮው ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲል ብድግ ብለው ሄደው ያጠፉታል። ከዚያ ራሳቸውን እያከኩ «እኔስ አልገባኝም። እስቲ ማን ያስረዳኛል?» ይላሉ። አቤት ያን ጊዜ የሚሆነው! ያ ሁሉ እጅ ይወጣል፣ ከኋላ ያለው ዴስክ ላይ ይቆማል፣ ሲያንቀላፋ የነበረውም ይነቃል። ሬዲዮው ደግሞ ስለማይጠብቅ የቀረው ትምህርት ያመልጣል። ሱፐርቫይዘሩ በዚህ ነገር ስንቴ ተቆጥቷቸዋል መሰላችሁ፤ እሳቸው እሺ ይላሉ፣ በማግስቱ ያጠፋሉ።

ጎበዝ የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ይመጡና ትናንት ያስረዳቸውን ልጅ ፈልገው፣ አንተ ያልከኝን ቤቴ ሄጄ ሞከርኩት፣ ሠራልኝ ይሉታል። ልጁ ቀኑን ሙሉ መሬት አይረግጥም። ስም ከመጥራታቸውም በፊት «ዛሬ ማን ጎደለብን?» ብለው ዝም ይላሉ። ልጆቹ ዞር ዞር ብለው ተያይተው የጎደለውን ራሳቸው እስኪያገኙት ድረስ ይጠብቃሉ። መዝገቡ እያለ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ ሬዲዮው የማይችለው እሷን ብቻ ነው አሉኝ።

ከዳንግላ ቀጥሎ ጫግኒ ተዛወርኩ። ሙቀቱን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። እዚያ የጠበቀኝ ፕላዝማ ነው፤ በሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ እየሮጠ የሚያስተምር። እኔ ጎኑ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋል። የገረመኝ ነገር፣ መብራት የሚሄድ ቀን ክፍሉ ነፍስ ይዘራል። ይሄኛው ምን ነበር ያለው፣ የለም እንዲህ ነው ያለው፣ ተው አልሰማኸውም እየተባባሉ ይከራከራሉ። ፈተና ላይ ደህና የሚሠሩትም መብራት የሄደባቸውን ትምህርቶች ነበር። ይህን ለርዕሰ መምህሩ ስነግረው እየቀለድኩ መሰለው።

በመጨረሻ እንጅባራ ገባሁ፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ኮሶበር የሚሏት ከተማችን። የኦንላይን ሥልጠና አስተባባሪ አድርገው ሾሙኝ። ለምን እኔን እንደመረጡኝ አላውቅም፤ በዕድሜዬ ካሉት ውስጥ ኮምፒውተር የማልፈራ እኔ ብቻ ሆኜ ይሆናል። ሥልጠናው ዲፕሎማ ላላቸው የገጠር አስተማሪዎች ነው። ትምህርቱን በስልካቸው ያያሉ፣ ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ መልመጃ ሠርተው ይልካሉ፣ ሁሉንም ሲጨርሱ ፈተና ይቀመጣሉ። ያለፈ ዲግሪውን መማር ይጀምራል። የወደቀ ወይም ያቋረጠ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገምለታል። ሦስተኛ ዕድል የለም።

የመጀመሪያው ዙር ጉድ አደረገኝ። መመሪያው ያለውን አንድም ሳላጎድል ነው የሠራሁት። በየማለዳው በርቱ የሚል መልእክት እልካለሁ። መልመጃ ለሠራ ስልኩ ራሱ ኮከብ ይሸልማል፣ ጎበዝ ይላል። ሰዎቹ ግን አንድ በአንድ እየቀሩ ክረምቱ ሳይጋመስ ቤቱ ኦና ሆነ። የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም፤ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት አስተማሪ ነኝ ብዬ ኖሬ፣ ሰው ከእጄ እንደ ውኃ ሲፈስ የፈሰሰበትን ቀዳዳ እንኳ አላየሁትም።

ሁሉም ኔትወርክ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ካላየሁ አላምንም። ኔትወርክ እንደልቡ ከሚያገኝበት ከከተማ መሀል ያለው ሰልጣኝ ነው መጀመሪያ የቀረው፤ ዛፍ ሥር ሄዳ ምልክት የምትፈልገዋ ቆይታለች። ስለዚህ በባጃጅ እስከሚደርስበት፣ ከዚያ በእግሬ እየሄድኩ ያቋረጡትን ጠየቅኩ። ከሁሉ የከነከነኝን መልስ የሰጠችኝ ትርንጎ ናት። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዓይኗን መሬት ላይ የምትተክል ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ አንድ ቀን ሆን ብዬ ተሳስቼ ላክሁለት» አለችኝ። «ጎበዝ፣ በርቺ አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማን ብዬ ነው የምደክመው?»

የዳንግላው በረዶ ትዝ አለኝ። ልጆቹ ይኼን ያወቁ ዕለት ብለው ነበር ጋሽ ፈንታ። ይኸው ታወቀ።

ለሁለተኛው ዙር አሠራሩን ቀየርኩ። ሰው ለብቻው አይመዘገብም፤ የአንድ አካባቢ አስተማሪዎች አብረው ይገባሉ፣ በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ይኖራቸዋል፣ የጎደለውን እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። የዘንገና አካባቢ አስተማሪዎች ግን አንገራገሩ፤ አንዴ ቀምሰውታል። እንዲገቡ ያደረጓቸው ርዕሰ መምህራቸው ጋሼ ይግዛው ናቸው። ጡረታቸው ደርሶ ዲግሪው ምንም አያደርግላቸውም። ሁሉንም ሰብስበው እኔ ከገባሁ ትገባላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ማን እምቢ ይላል? አብዛኞቹን ፊደል ያስቆጠሯቸው እሳቸው ናቸው። የትርንጎ አባት ከትምህርት ሊያስቀሯት ባሉ ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄደው ተሟግተው ያስመለሷትም እሳቸው ናቸው። ለትርንጎ ይህ የመጨረሻዋ ዕድል ነበር።

ጅማሬው ደስ ይል ነበር። በዚያ ላይ ከበላይ አዲስ ነገር መጣልን፦ የደረጃ ሰንጠረዥ። ማን ስንተኛ ትምህርት ላይ እንደደረሰና ስንት እንዳመጣ ለሁሉም ሰው የሚታይ፣ ከላይ ወደ ታች በስም የተደረደረ። ያወጡት ሰዎች ውድድር ተማሪን ያነቃቃል ብለው ነው። እኔም አመንኩ፣ ምን አውቄ።

ሳይቆይ ነገሩ ቆመ። ግሩፑ ውስጥ ሰላምታና የበዓል መልካም ምኞት አለ፣ ሥራ ግን የለም። ሰንጠረዡን ሳየው ጋሼ ይግዛው አንደኛ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ እግራቸው ሥር ተኮልኩሏል። እንደ ሰንጠረዡ ከሆነ እሳቸው ያልጀመሩትን ትምህርት የጀመረ የለም። እንደገና ሊፈስብኝ ነው አልኩ። ከዚያ የማስተባበሪያውን ገጽ ከፍቼ ማን መቼ ገባ፣ ምን አየ የሚለውን ስመለከት ግራ ገባኝ። ትርንጎ በየቀኑ ትገባለች። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ታያለች። መልመጃውን ትሠራለች። የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ሳትልክ ትወጣለች። ሌሎቹም እንዲሁ! እየተማሩ ነው፤ ግን አይልኩም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ስንፍና አይቼ አላውቅም፤ የደከመበትን ሥራ ደብቆ የሚያስቀምጥ ሰነፍ የት አለ?

የፈተናው መዝጊያ ቀን እየቀረበ ስለሆነ ዘንገና ሄድኩ። የደረስኩት ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ነው። ጋሼ ይግዛው በሩ ላይ ቆመው ልጆቹን ያስወጣሉ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፍተው አዩ፣ ከጀርባ ዞረው መጡ፣ ጅረቱን ተሻግረው የሚሄዱትን በዓይናቸው ሸኙ፣ ከዚያ በገዛ እጃቸው በሩን ዘጉ። ዘበኛው ቆሞ ያያቸዋል። እዚህ ዕድሜ ልካቸውን ከእሳቸው በኋላ የወጣ ልጅ የለም አለኝ።

ትርንጎን ለብቻዋ ከድንች ማሳው ዳር አገኘኋት። ለምን እንደማትልክ ስጠይቃት መጀመሪያ ኔትወርክ አለች። አየሁሽ እኮ አልኳት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ጋሼን ልቅደማቸው ነው የሚሉኝ?» አለች። «ስሜ ከስማቸው በላይ ተጽፎ ሰው ሁሉ ሲያየው?»

እንዲያ ነው ለካ። በር ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ ታናሹ ቀድሞ እንደማይገባ ሁሉ፣ እነዚህም ስልክ ውስጥ በር አግኝተው ቆመዋል። ማንም አልመከራቸውም፣ ተነጋግረውም አይደለም። አስተዳደጋቸው ነው። ፈተናው ሊያመልጣት እንደሚችልና ሌላ ዕድል እንደሌላት ነገርኳት። ታውቃለች። ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች። ቢሆንም ለጋሼ እንዳልነግርባት አስማለችኝ፤ ከሚሰሙና በእኔ ምክንያት ከሚያፍሩ ዲግሪው ይቅርብኝ አለች። ተናደድኩባት፣ ደግሞም ወደድኳት።

ወደ ጋሼ ይግዛው ቢሮ ስገባ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። አጠገባቸው በቁም ጽሕፈት ተጽፎ የሞላ ወረቀት አለ፤ ትምህርቱን እያቆሙ ቃል በቃል ይገለብጡታል። እንዴት ነው ጋሼ፣ ዘገዩሳ አልኳቸው በቀልድ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጆቹ ደከሙብኝ መምህርት» አሉኝ። «እኔ ቶሎ ቶሎ ብሄድ ተስፋ ይቆርጣሉ ብዬ ነው። እስኪደርሱብኝ ነው ቀስ የምለው።»

እነሱ እሳቸውን ይጠብቃሉ፣ እሳቸው እነሱን ይጠብቃሉ! መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ግን ምዬ የለ? እንዳልናገር ታስሬ ቆምኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ፈንታ ኋላ አግዳሚው ላይ ተጣጥፈው ታዩኝ። ስልኬን አወጣሁና የማስተባበሪያውን ገጽ ከፍቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩ። የማንንም ስም አልጠራሁም።

«ጋሼ፣ እኔ አልገባኝም። እነዚህ ሰዎች ሠርተው ሠርተው መጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ለምን ይወጣሉ? እስቲ እርስዎ ያስረዱኝ» አልኳቸው።

አዩት። በጣታቸው ወደ ታች እየሄዱ አዩት። ተመልሰው ወደ ላይ መጡና የራሳቸው ስም ላይ ቆሙ። ስንት ዓመት የልጅ ነገር ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምንም አልጨመርኩም። መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ሲገረጣ ሳይ ምነው ባላሳየኋቸው አልኩ።

«እኔ ነኛ ያስቀረኋቸው» አሉ። «ልውጣላቸው?»

እርስዎ ከወጡ አንድም አይተርፍ፣ ያስገቧቸው እርስዎ ነዎት አልኳቸው። እውነቴን ነው። በመስኮቱ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አነሱና የድምፅ መቅጃዋን ተጭነው አፋቸው አጠገብ ያዟት። ግሩፑ ላይ የለቀቋትን እስካሁን አላጠፋኋትም፦

«ልጆቼ፣ ይግዛው ነኝ። እናንተ እኔን ስትጠብቁ፣ እኔ እናንተን ስጠብቅ፣ ቀኑ ሊያልፍብን ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቀድሞ የሚወጣው ልጅ ነው። እኔ መጨረሻ የምወጣው በሩን የምዘጋው እኔ ስለሆንኩ ነው። እንግዲህ ውጡ። ቅደሙኝ። የቆመ ሰው ካለ የሚያስቀይመኝ እሱ ነው።»

ያንኑ ደግመው በአዊኛ ተናገሩት።

ቀኑ አለፈ፣ ማንም አልተነቃነቀም። በማግስቱ ከትርንጎ አንዲት አጭር መልእክት መጣች፦ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ።» እሳቸውም «እለፊ» ብለው መለሱ። ወዲያው የሠራችው ሁሉ ተላከ፤ ስሟ ከስማቸው በላይ ወጣ። ከዚያ ሌላው ይፍቀዱልኝ አለ፣ እለፍ ተባለ። ሌላዋ ጠየቀች፣ እለፊ ተባለች። ግሩፑ ይፍቀዱልኝና እለፍ ብቻ ሆነ። ከላይ የሚከታተለን ሰው ደውሎ ይህ ምን ዓይነት የትምህርት ውይይት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። ሰንጠረዡ ውጤት አመጣ ማለት ነዋ ብሎ ደስ አለው። ተውኩት።

ጋሼ ይግዛው መቸኮል አልሆነላቸውም። ያው ቃል በቃል ይገለብጣሉ፣ እርግጠኛ ካልሆኑ አይልኩም። ስማቸው በየቀኑ አንድ አንድ ደረጃ ይወርድ ጀመር። ትርንጎ ፈተናውን ተቀምጣ አለፈች። ስትደውልልኝ ከምስጋናዋ በፊት የጠየቀችኝ ጋሼ የት ደረሱ ብላ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ። ካለፉ በኋላ አንድም ሰው ከግሩፑ አልወጣም።

ፈተናው በሚዘጋበት ቀን ዘንገና ኔትወርክ አልነበረም። ጋሼ ይግዛው በዝናብ በሚኒባስ እንጅባራ መጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ ጠረጉና እኔ ቢሮ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ከሁሉ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ዞሬ ሌላ ሥራ የያዝኩ መሰልኩ። ቢሮ ሊዘጋ ሲል የፈተናውን መልስ ላኩ። ስልኩ የተለመደ ጨዋታውን ጀመረ፦ ባለቀለም ወረቀት በተነ፣ ኮከብ አወጣ፣ ጎበዝ አላቸው። እሳቸው ዞር ብለውም አላዩት። እኔን ነው ያዩት።

«አለፍኩ?»

ገጹን ከፍቼ አየሁት። «አልፈዋል ጋሼ።»

«ስንተኛ ነኝ?»

ለመናገር አፈርኩ። ርዕሰ መምህር፣ ያን ያህል ሰው ያስተማሩ ሽማግሌ። ግን ዋሽቼ አልችልም፤ ያው ሰንጠረዡ ለሁሉም ይታያል።

«መጨረሻ ነዎት።»

ቀና አሉ። እንደዚያ ሲያበሩ አይቻቸው አላውቅም።

«ደህና አድርገው ይዩልኝማ መምህርት። ከኋላዬ የቀረ አለ?»

ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«የለም፤ ሁሉም ወጥተዋል» አልኳቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ። በሩ ጋ ስንደርስ እርስዎ ይቅደሙ ብዬ ቆምኩ። እምቢ አሉ። እኔን አስቀድመው አስወጡኝና መብራቱን አጥፍተው፣ ክፍሉን ዞር ብለው አይተው፣ የቢሮዬን በር ራሳቸው ዘጉት።